ቤተ መንግሥቱ ይታይ

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ካስክ ሥር የምትቀመጥ ሴት ሁሉ አንድ ቀን ትጠይቀኛለች። ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፣ ጊዜዋ አጭር ነው፣ "ቤተ መንግሥቱ ግን የግድ መታየት አለበት? ያን ያህል ነው?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት የማላጣ ሰው ነኝ፤ ስለ ባሏም፣ ስለ አማቷም፣ ስለ ፀጉሯ ቀለምም ሳልጠየቅ እናገራለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። "እኔ እንጃ፣ አላየሁትም" ብዬ የውሃውን ሙቀት በእጄ እለካለሁ። ለምን እንዳላየሁት ለመንገር ደግሞ ፀጉር ታጥቦ እስኪደርቅ ያለው ጊዜ አይበቃም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጎቴ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እናትና አባታቸው በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጋት እሱ ነው። መካኒክ ነበር። እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ ጋራዥ ውስጥ እጁን ካፍታታ በኋላ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የንጉሡን መኪኖች ከሚጠግኑት ጋር ተቀጠረ። እየቆየ በባቡር ይመጣና እህቱን አይቶ ይመለሳል። ከመምጫዎቹ ባንዱ የአሮጌ መኪና የመስኮት ማዞሪያ ይዞ መጣና ለግቢያችን በር እጀታ አድርጎ በየደው። ማዞሪያው ልል ስለሆነ ሲነኩት ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱ ሲመጣ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፤ እናቴ "ማነው?" ትላለች፤ እሱ "የንጉሥ ሰው ነኝ፣ ክፈቺ!" ይላታል፤ እየሳቀች ትከፍታለች። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ግን እግዜር ይወቀው።

ንጉሡ ሲወርዱ ብዙ ሰው እዚያው ቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ታሰረ። አጎቴም አብሮ ገባ። አንድ መካኒክ ምን አጠፋ ተብሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገራት የለም። እናቴ ገና ልጅ እግር ነበረች። ባለ ክዳን የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ስንቅ ታደርግና በባቡር ሄዳ ለበር ጠባቂዎቹ ትሰጣለች። ባዶውን ሳህን ሲመልሱላት የሱ እጅ ነክቶታል ብላ ሳታጥበው ታቅፋው ትመጣለች። አንድ ቀን ጠባቂው ስንቁን አልቀበልም አለ። "ከእንግዲህ አታምጪ" አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። የዚያን ዘመን ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ የተባለ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። እናቴ ግን "አታምጪ አሉኝ እንጂ ሞተ አላሉኝም" አለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቃል ፍንክች አላለችም።

ደግሞ ወግ ካልን እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሞተ የሚባለው ቤተሰቡ ሲረዳ ነው። ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላውን ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ በርህ ላይ ይቆማል። ስትከፍት ማንም ምንም ሳይናገር ገብቶሃል። ሩቅ አገር ሰው ያለው ሁሉ በማለዳ በሩ ሲነካ ጉልበቱ የሚከዳው ለዚህ ነው። ለእናቴ ግን ማን ይምጣላት? የሚያረዳ ሰው የት ሞተ፣ ማን አየ ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል፤ መልስ ያለው ሰው ደግሞ አልነበረም። የንስሐ አባቷ የክርስትና ስሙን በጸሎት ከሙታን ጋር ላንሳው ወይስ ከሕያዋን ብለው ቢጠይቋት "ምን ማለትዎ ነው አባ? ከሕያዋን ነዋ!" ብላ ተቆጣቻቸው።

እኔ እንግዲህ ያደግሁት ከዚህ ሰው ጋር ነው። ክፍሉ ይጠረጋል፣ ማንም አይተኛበትም። ክረምቱ ሲወጣ ኮቱ ፀሐይ ይሞቃል። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ተራራው ላይ እነዚያን ግዙፍ የመብራት ማመንጫዎች ሲያሽከረክር የሚውል ንፋስ የኛን በር እጀታ አያልፈውም። ቀጭ ቀጭ ሲል እናቴ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጥና "ማነው?" ትላለች። ለሌላ ሰው የምትለው "ማነው" አይደለም። ድምፁ የሷ አይደለም፤ የልጅ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው የሚያስፈራው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ቆሞ ሊመልስላት አፉን የሚከፍት ይመስለኝና ቀሚሷ ውስጥ እገባ ነበር። ትልቅ ሴት ሆኜም ቢሆን ፀጉሬ መቆሙን አልተወም።

ቤቱ ደግሞ ለአፍታም ባዶ አይሆንም። "ቢመጣስ?" ትላለች። እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ እቀመጣለሁ፤ እኔ ሥራ ስውል እሷ ትቀመጣለች። ባለቤቴን ሻሸመኔ ሲያዛውሩት "ነይ" አለኝ፣ "ትንሽ ቆይቼ" አልኩት። ትንሽ፣ ትንሽ ስል እሱም ሰለቸውና እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። አልፈርድበትም። አጎቴን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ፊቱን እንኳ ሳላየው ጠልቼው አውቃለሁ። ወይ ና፣ ወይ ሙት፣ ወይ ተወን ብዬ ለብቻዬ ክፍሉ ውስጥ የጮህኩበት ቀን አለ።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ፤ የቆርቆሮው በር ተነሥቶ አዲስ ግራጫ በር ተተከለ። እናቴ "እንግዲህ በምን ያውቀዋል?" ብላ ቀኑን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። በያጁን ለምኜ የድሮውን እጀታ አዲሱ በር ላይ አስበየድኩላት። ሰውዬው "እትዬ፣ ይሄ ነገር ልል ነው፣ ላጥብቅልዎት?" ቢላት ልትመታው ደረሰች።

የሰፈራችን እድር አዲስ አበባን እንጎብኝ ያለው በዚሁ ሰሞን ነው። ደርሶ መልስ፣ ቅጥቅጥ ተከራይተን፣ ቅዳሜ በማለዳ ወጥተን ማታ ለመግባት። መናፈሻው አለ፣ ሙዚየሙ አለ፣ ቤተ መንግሥቱ አለ፣ መርካቶ አለ። ቤተ መንግሥቱ ግማሽ ቀን ይበላል ስለተባለ ከሱና ከመርካቶ አንዱ መቅረት ነበረበት። እድር ቤቱ ውስጥ የተነሣው ጭቅጭቅ ሌላ ነው።

"አቦ ተዉኝ እስቲ!" አለች ጎረቤታችን ሐጂዋ። "ንጉሡ የሉ፤ ወንበራቸውን አይቼ ምን ልሁን? እኔ መጋረጃ ነው የምፈልገው። መርካቶ!"

ጡረታ የወጡት መምህር ተነሡ። ጴንጤ ናቸው፣ ንግግራቸው ሁሉ ስብከት ይመስላል። "ወገኖቼ፣ ታሪክ ነው እኮ። ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያየዋል፣ እኛ አፍንጫችን ሥር ሆኖ..."

"ጋሼ፣ ያው ሶፋና ምንጣፍ ነው!" አልኳቸው። "ቴሌቪዥን ላይ አይተነው የለ እንዴ? ደግሞ ጫማ ያስወልቃሉ አሉ። እግሩ የሚሸት ሁሉ ከአሁኑ ይምከርበት።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጫማ ያስወልቁ አያስወልቁ የማውቀው ነገር የለም፤ አፌ ያመጣልኝን ነው የለቀቅሁት። እናቴ በራችን በመስኮት በሚታይበት ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበርና እንዲህ እየቀባጠርኩ ቤተ መንግሥቱ ሳይመረጥ ስብሰባው እንዲበተንልኝ ነበር የፈለግሁት። የሚያውቁት ሁሉ ሲስቁ እንኳ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

ከኋላ አንዷ አዲስ ገቢ፣ የኛን ነገር የማታውቅ፣ "ምድር ቤቱንም ከፍተውታል እኮ! እስረኞቹ የነበሩበትን ያስጎበኛሉ" አለች። አጠገቧ ያለችው በክርኗ ስትጎሽማት አየሁ። ሳቁ ጸጥ አለ። የእድሩ ሰብሳቢ መዝገባቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

"ቤተ መንግሥቱ ይታይ" አለች እናቴ።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ መርካቶን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን ይዤ "እማዬ፣ አንቺም ትሄጃለሽ ማለት ነው?" አልኳት።

"እኔ ከሄድኩ ቤቱን ማን ይጠብቃል? አንቺ ሂጂና እዪልኝ።"

"ምኑን ልይልሽ?"

ቆም አለች። "መስኮት እንዳለው። ወለሉ ምን እንደሆነ እዪ፤ እንጨት ነው ወይስ ሲሚንቶ? ብርድ አይችልም እኮ፤ የናዝሬት ልጅ ነው።" ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። "ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ። እንዳትሸነግዪኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋኝ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? መስኮት የለውም ብላት ምን ማለቴ ነው? ሲሚንቶ ነው ብላትስ? ሃምሳ ዓመት ማንም ደፍሮ ያልነገራትን ነገር እኔ ከሽርሽር ስመለስ፣ በምሽት፣ ብቻዬን ልነግራት ነው። ሰው ማታ አይረዳም። በአንድ ሰው አፍም አይረዳም። ብዋሻት ደግሞ በዓይኔ ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ያንን በር ስትሰማ ልትኖር ነው፣ እኔም አብሬያት። ሐጂዋ ዘንድ ሄጄ "አሞኛል ብዬ ልቅር መሰለኝ" አልኳት።

"ብትቀሪስ? ሌላ ቀን ሂጂልኝ ትልሻለች። ያቺ ሴት አንዴ ጠይቃለች" አለችኝ። "ሃምሳ ዓመት ጠይቃ አታውቅም ነበር እኮ።" እሱም እውነት ነው።

እናቴ ዓርብ ዕለት ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አጸዳች። ኮቱን አወጣችና ያለ ወቅቱ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው። ማታ ደግሞ ያችን ባለ ክዳን የቆርቆሮ ሳህን ከቁም ሳጥን አወረደች። ቆሎና ዳቦ ሞልታ በጨርቅ ቋጠረችልኝ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ስንቅ ነው" አለችኝ። "ለበረኞቹ እንዳትሰጫቸው። አይመልሱም።"

ቋጠሮውን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መነሻችን አደባባዩ ጋ ነበር፤ እናቴም የምታውቀው ይህንኑ ነው። እሷ እንዳትነሣ ብዬ መብራት ሳላበራ በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ። አደባባዩ ስደርስ ለካ መንገዱ ተቆፍሮ አድሯል፤ መኪና ማቆሚያ የለም። ሰብሳቢው በስልክ ግሩፓችን ላይ "ሁላችሁም እነ እትዬ በር ላይ ጠብቁ፣ እዚያ ሰፊ ነው" ብለው ጽፈው ኖሯል። ሰው ሁሉ ወደኛ በር ሄዷል። እኔ ሾፌሩን አግኝቼ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩና መንገድ እያሳየሁት መጣን።

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ የመኪናው መብራት አረፈባቸው። ገና አልነጋም። ንፋሱ ያጓራል፤ ሁሉም ለንፋሱ ብለው ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ሰፈሩን እንዳይቀሰቅሱ ብለው አንድም ሰው አያወራም። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን ንፋስ እንዳይወስድባቸው አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ በራችን አዙረው ቆመዋል። የማያውቅ ሰው ቢያይ ምን እንደሚል እናንተው ፍረዱ።

ሐጂዋ ደግሞ፣ የሰው ነገር፣ መንገድ ሳንገባ ሽንት ቤት ልጠቀም ብላ እጀታውን ያዘችው። ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አደረገችው።

የመኪናው መስኮት ክፍት ነበርና ሰማሁት። "ማነው?" አለች እናቴ ከውስጥ። በዚያ በልጅ ድምፅ።

"እኛ ነን" አለች ሐጂዋ በሹክሹክታ።

በሩ ተከፈተ። እናቴ በሌሊት ልብሷ፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቆመች። የመኪናው መብራት ፊቷ ላይ ነበር። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ እንዲያ ስትደሰት በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም። ከዚያ አንድ በአንድ አየቻቸው። ነጠላውን አየች። የሰብሳቢውን ራቁት ራስ አየች። ደረቷን መታች።

"ወንድሜ! ወይኔ ወንድሜ! ጋሻዬ! የንጉሥ ሰው ነኝ ያልከኝ! በባዕድ ቤት፣ በብርድ!"

ደፉ ላይ ወደቀች። እኔ ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። እማዬ ጉዞ ነው፣ እማዬ ተሳስተሻል ልላት ነበር፤ ጩኸቷ ግን ድምፄን ዋጠው። መምህሩ የብርቱካን ፌስታላቸውን ከኋላቸው ደበቁት። ሐጂዋ አብራት ተቀምጣ ራሷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛታለች። ሌላው ሰው አንዱ አንዱን ያያል።

እየቆየ ጩኸቷ ረገብ አለ። ቀና ስትል እኔን አየች። ያደረግሁትን የመንገድ ጫማ አየች፣ በክንዴ ላይ ያለውን ቦርሳ አየች፣ ሞተሩ ያልጠፋውን ቅጥቅጥ አየች። በቀስታ "ለጉዞው ነው?" አለች።

"አዎ እማዬ" አልኳት። እንባዬ ቀደመኝ።

"ለሱ አይደለም?"

"አይደለም።"

ታፍራለች፣ ወይ ትስቃለች፣ ወይ ትነሣለች ብዬ ነበር። አልተነሣችም። እጇን አነሣችና በእጇ መዳፍ ፊቷን ጠረገች።

"ታዲያ ለሱ መቼ ነው የምትመጡት?" አለች። "ሁላችሁም አላችሁ። ማለዳ ነው። ነጠላችሁን ለብሳችኋል። ሌላ ምን ቀራችሁ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ የሚያረዳኝ ሰው ይጥፋ? ንገሩኝ እንጂ!"

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እሳቸውም ያየ ሰው አይደሉ፣ የሰማ ሰው አይደሉ፤ ፈቃድ እየጠየቁኝ መሆኑ ገባኝ። አጎቴ በኔ ራስ መነቅነቅ ሊሞት ነው አልኩ በሆዴ። ስጠላው የኖርኩት ሰው ድንገት አንጀቴን በላው። እናቴን አየኋት። ራሴን ነቀነቅሁ።

ጎንበስ አሉላት። "እትዬ፣ ወንድምዎ ካረፉ ቆዩ። እግዚአብሔር ያጥናዎት።"

"እግዚአብሔር ያጥናዎት" አለ ሰው ሁሉ፣ ከፊትም ከኋላም። ሐጂዋ በኦሮምኛ "ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ"፣ ፈጣሪ ያበርታሽ፣ እያለች ጀርባዋን ታሻታለች። እናቴ ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ ከመጀመሪያው ሌላ ነበር። የፊተኛው ጩኸት ነበር፤ ይኼኛው ዝም ብሎ የሚፈስ ነው።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ማንም ሳይነግረው ከቅጥቅጡ ላይ ለሽርሽር የጫነውን ምንጣፍ አወረደና ሳሎናችን ውስጥ ዘረጋው። ለመንገድ የተጋገረው ዳቦ ለለቅሶተኛ ተቆረሰ፣ የመምህሩም ብርቱካን ታደለ። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ድንኳን ሰፊው መንገድ ላይ ተተከለ። ቆሎው ሲያልቅ እናቴ ሳህኗን ራሷ አጠበቻት።

ቤተ መንግሥቱን አላየነውም። እድሩ በሌላ ጊዜ ቢሄድም እኔ አልሄድኩም። መምህሩ አይተውት መጡና ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆመው "ምድር ቤቱ ግን፣ ልጄ፣ መስኮቱ..." ሲሉ "ጋሼ፣ በናትዎ" አልኳቸው፤ ተዉት። እናቴም አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ክፍሉን አራግፋ ኮቱን ለነዳያን ሰጠችው። ስሙም ከሙታን ጋር እንዲነሣ ለአባ ነገረቻቸው።

ባለፈው ሰሞን ሐጂዋ መልካሳ ከተማ የእህቷ ልጅ ሠርግ ነበረባትና እናቴን ይዛት ሄደች። አድረው ነው የሚመጡት። እናቴ ስትወጣ ወደኋላ እንኳ አላየችም፤ "ቤቱን ቆልፈሽ ሥራሽ ሂጂ፣ ምን ይጎልትሻል?" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቁልፉን ይዤ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ግቢው መሃል ደረስኩ።

ንፋሱ መጣ። እጀታው ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አለ።

እግሬ ቀጥ አለ። ንፋስ መሆኑን አውቃለሁ፤ መሞቱን ራሴን ነቅንቄ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ከበሩ ሥር የሰው ጥላ የለም። ቢሆንም ቦርሳዬን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ማነው?" አልኩ። በልጅ ድምፅ።